ቅጠል ቆራጭ ንብን በአካላዊ ምልክቶቿ እስከ ዝርያ ስሟ መለየት

አንዲት ንብ ቅጠል ቆራጭ መሆኗን ማወቅ ከባድ አይደለም። ከቅጠል ቆራጮቹ የትኛዋ እንደሆነች መናገር ግን ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡበት ሥራ ነው። እነሱ ያሉበት ሜጋኪሌ የሚባለው ወገን (የተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ) 1500 ገደማ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ጥቁር አካል፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ጠጉርና በሆዳቸው ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች ስላሏቸው ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ከጀርባዋ በኩል የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻ ይዞ ስሟን መጠየቅ መልስ የማያገኘው ለዚህ ነው። ስሟን የሚወስኑት ምልክቶች ያሉት ዓይን ቶሎ በማያርፍባቸው ቦታዎች ነው፦ በሆዷ ሥር፣ በመንጋጋዋ ጥርሶች መካከል፣ በወንዱ የፊት እግሮች መነሻና ጫፍ፣ በስድስተኛው የሆድ ሰሌዳ የጎን ቅርጽ ላይ።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ምክንያቶች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ንቧ ሳትታጠብ የጠጉሯ ቀለም ይነበባል። መንጋጋዋ እንደተዘጋ ጥርስ ይቆጠራል። ጾታዋ ሳይታወቅ መለያ ቁልፍ (በጥንድ በጥንድ የተቀመጡ የምልክት መግለጫዎችን እያስመረጠ ወደ ዝርያ ስም የሚያደርስ ጽሑፍ) ይከፈታል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በዚህ ቅደም ተከተል የተቀመጡት እነዚህን ስህተቶች ለመከላከል ስለሆነ አንዱንም አይዝለሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

- 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ። ወገኗን ለመለየት ይበቃል፤ ለዝርያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም።
- ከ10 እስከ 40 እጥፍ የሚያጎላ ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕ። የራስዎ ከሌለ የሚያውሱዎትን አስቀድመው ያፈላልጉ።
- ቀጭን ጫፍ ያለው ወረንጦ፣ ለነፍሳት መሰኪያ የተሠሩ ስፒሎች (ቁጥር 1 እና 2)፣ ስፒል የሚቀበል ለስላሳ ሰሌዳ።
- ክዳን ያላቸው ትናንሽ ብልቃጦች፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ የፀጉር ማድረቂያ።
- በሚሊሜትር የተሰመረ ወረቀት።
- መብራት፣ ከፊቱም ስስ ነጭ ወረቀት። ወረቀቱን አይናቁት። ራቁት መብራት በጥቁሩ አካል ላይ ስለሚያንጸባርቅ ትናንሾቹን ስርጉዶች ይደብቃል።

የሚደጋገሙ ስሞች

የንብ ሆድ በተከታታይ ቀለበቶች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት የላይ ሰሌዳና የታች ሰሌዳ አለው። በዚህ መመሪያ ከደረት በኩል እየቆጠርን የላይኞቹን «ላይ-1፣ ላይ-2…»፣ የታችኞቹን «ታች-1፣ ታች-2…» እንላለን። ከመንጋጋዎቹ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክፍል «የፊት ሰሌዳ» ነው። ከደረት ጋር የሚጋጠመውን የመጀመሪያ የእግር አንጓ «የእግር መነሻ»፣ በጥፍር የሚያልቁትን አምስት ትናንሽ አንጓዎች ደግሞ «የእግር ጫፍ» እንላቸዋለን።

## ደረጃ 1፦ ንቧን መያዝ

መጀመሪያ ቦታው መሰብሰብ የሚፈቀድበት መሆኑን ያረጋግጡ። በተጠበቁ ቦታዎች ያለ ፈቃድ ነፍሳት መያዝ የተከለከለ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ይወስኑ፦ ንቧን በሕይወት ለቅቀው በፎቶ ይሠራሉ ወይስ ናሙና ያስቀራሉ? የፎቶው መንገድ ንቧን ያተርፋል፤ የሚያደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ወገን፣ አንዳንዴ እስከ ንዑስ ወገን ነው። ልዩ ምልክት ባላቸው ጥቂት ዝርያዎች ብቻ እስከ ዝርያ ይዘልቃል። ናሙና ለማስቀረት ከወሰኑ የሚያስፈልግዎትን ያህል ብቻ ይውሰዱ። ከአንድ ቦታ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ማግኘት ከአሥር ሴቶች ይሻላል፤ ብዙ ዝርያዎች በወንዱ ይበልጥ ይለያሉና።

በፎቶ ለሚሠሩ። ንቧን በብልቃጥ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩአት፤ በየጥቂት ደቂቃው እያዩ መንቀሳቀስ ስታቆም ያውጧት። ፍሪዘር ውስጥ አያስገቧት፣ ትሞታለች። ከዚያ በፍጥነት አምስት ፎቶ ያንሱ፦ ፊቷን ከፊት ለፊት፣ ሙሉ ጎኗን፣ ጀርባዋን፣ የሆዷን ሥር፣ የፊት እግሮቿን። የሆዷ ሥር ካልተነሳ ሌሎቹ ፎቶዎች ብዙም አይጠቅሙም። ሲጨርሱ ፀሐይ ያለበት አበባ ላይ ያስቀምጧት፤ ሙቀት ስታገኝ ትበራለች።

ናሙና ለሚያስቀሩ። ቀላሉና ንጹሑ ዘዴ ንቧን በደረቅ ብልቃጥ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። አልኮል ውስጥ የተቀመጠች ንብ ጠጉሯ ተጣብቆ ትወጣለች፤ ሌላ አማራጭ ካጡ ግን ይቻላል፤ ደረጃ 2 ያስተካክላታል።

ንቧ ከመሞቷ በፊት የዓይኗን ቀለም ይጻፉ። የአንዳንድ ትናንሽ ዝርያዎች ወንዶች፣ ለምሳሌ የሜጋኪሌ ሮቱንዳታ፣ በሕይወት ሳሉ አረንጓዴ ዓይን አላቸው። ከሞቱ በኋላ ቀለሙ ይጠፋል፤ በኋላ በምንም አይመለስም።

በዚያው ሰዓት መለያ ወረቀት ያዘጋጁ፦ ቦታው ከመጋጠሚያ ቁጥሩ ጋር፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ የያዘው ሰው ስም፣ የተያዘችበት አበባ። ወረቀቱ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ከንቧ አይለይ። ቦታና ቀን የሌላት ንብ በትክክል ብትለይም ለማንም አትጠቅምም።

## ደረጃ 2፦ ማጠብና ማድረቅ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ሴቷ የአበባ ብናኝ የምትሸከመው በሆዷ ሥር ባለ ጥቅጥቅ ያለ ብሩሽ ነው፤ የዚህ ብሩሽ ቀለም ደግሞ ከዋና ዋና መለያዎች አንዱ ነው። ብርቱካናማ ብናኝ የተሸከመ ነጭ ብሩሽ ብርቱካናማ ይመስላል። እርጥበት የነካው ወርቃማ ጠጉር ቡናማ ይመስላል። ያልታጠበች ንብ ላይ ቀለም ማንበብ ብናኙን ማንበብ ነው።

1. ብልቃጥ ውስጥ ለብ ያለ ውኃና አንድ ጠብታ ሳሙና ያድርጉ፤ ንቧን ጨምረው ክዳኑን ይግጠሙ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይወዝውዙ።
2. ውኃውን ይድፉ፤ አረፋ እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ።
3. ለጥቂት ደቂቃ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይንከሯት፤ ውኃውን አውጥቶ ቶሎ እንድትደርቅ ያደርጋል።
4. በሚመጥጥ ወረቀት ላይ አኑረው ከፀጉር ማድረቂያው ለብ ያለ ነፋስ ይስጧት፤ እየደረቀች ሳለ ጠጉሯን በለስላሳው ብሩሽ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያበጥሩ። ነፋሱ ከሞቀ ክንፎቿ ይጠቀለላሉ፤ ማድረቂያውን ያርቁት።

*ጠጉሩ ከደረቀ በኋላም ተጣብቆ ከቀረ* ሳሙናው በደንብ አልለቀቀም ማለት ነው። ከተራ ቁጥር 2 ይጀምሩ። *ብሩሹ ውስጥ አሁንም ብናኝ ካለ* እያንዳንዱን ሰሌዳ በእርጥብ ብሩሽ ከመነሻው ወደ ጫፉ ይጥረጉ። በወረንጦ አይልቀሙ፤ ጠጉሩ አብሮ ይነቀላል።

ደርቃ የቆየች አሮጌ ናሙና ከሆነች ከመታጠቧ በፊት ማለስለስ ያስፈልጋል። ክዳን ያለው ዕቃ ታች እርጥብ ወረቀት ያንጥፉ፤ ንቧን ውኃው እንዳይነካት ከፍ አድርገው ያስቀምጡና ለአንድ ቀን ይክደኑ። ከሁለት ቀን በላይ ከቆየች ሻጋታ ይይዛታል።

## ደረጃ 3፦ መንጋጋውን መክፈትና መሰካት

ንቧ ገና ለስላሳ ሳለች ይሥሩት፤ ከደረቀች መንጋጋው ይሰበራል።

መጀመሪያ ይሰኩ። ስፒሉ በክንፎቹ መነሻ መካከል፣ ከደረቱ መካከለኛ መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ ይግባ። በመሐል መስመሩ ላይ ከወጉ እዚያ ያሉትን ምልክቶች ያጠፋሉ፤ ወደ ቀኝ ሲሆን የግራው ጎን ሙሉ ሆኖ ይቀራል። ለብዙዎቹ ቁጥር 2 ይስማማል፤ ለትናንሾቹ ቁጥር 1 ይጠቀሙ።

ቀጥሎ የሌላ ስፒል ጫፍ በተዘጋው መንጋጋ ጫፍ ሥር አስገብተው ወደ ጎን ይሳቡት። ሁለቱንም ይክፈቱ። አንዱን ብቻ መክፈት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ አንዱ ያረጀ ሊሆን ስለሚችል ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። እስኪደርቁ ድረስ በሁለት ስፒሎች ደግፈው ይያዟቸው።

እግሮቹን ከሆድ ያርቁ፤ ክንፎቹን ወደ ላይ ያንሱ፤ የሆድ ሥር በግልጽ ይታይ። ወንድ ከሆነ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርጉ። የእግር መነሻው ከታች ካልታየ ደረጃ 7 ላይ ይቸገራሉ።

*መንጋጋው ከተሰበረ* አይጣሉት። በውኃ በሚሟሟ ሙጫ በትንሽ ወረቀት ላይ ለጥፈው በዚያው ስፒል ላይ ይሰኩት። ለብቻው የተለጠፈ መንጋጋ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚታይ እንዲያውም ለማየት ይቀላል።

## ደረጃ 4፦ በእርግጥ ቅጠል ቆራጭ መሆኗን ማረጋገጥ

የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ያረጋግጡ። አንዱ ካልተሟላ ወደ ዝርያ አይሂዱ።

1. አራት ክንፍና ረጅም አንቴና። ንብ የሚመስሉ ዝንቦች ሁለት ክንፍ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜም አጭር አንቴና አላቸው።
2. የፊት ክንፍ ክፍሎች። በፊተኛው ክንፍ የላይኛው ጠርዝ አጠገብ፣ ከጥቁሯ ነጥብ ሥር፣ በሥሮች የታጠሩ ተከታታይ ክፍሎች አሉ። በሜጋኪሌና በቤተሰቧ ሁለት ናቸው። የማር ንብ ሦስት አላት።
3. ብናኝ የሚያዘው በሆድ ሥር መሆኑ። በኋላ እግር ላይ ከሆነ ሌላ ቤተሰብ ነች። ይህ ለሴቶች ብቻ ይሠራል፤ ወንዶች ብሩሽ የላቸውም።
4. በጥፍሮቹ መካከል ትራስ አለመኖሩ። በ20 እጥፍ የእግር ጫፉን ይመልከቱ። በኦስሚያ ወገን ባሉ የቅርብ ዘመዶቿ ሁለቱ ጥፍሮች መካከል ለስላሳ ትራስ አለ፤ በሜጋኪሌ የለም።
5. በአካል ላይ ቢጫ ወይም ክሬም ንድፍ አለመኖሩ። አንቲዲየም የተባሉት ንቦችም ትራስ የላቸውም፤ የእነሱ ቆዳ ራሱ ግን ቢጫ ንድፍ አለው። በቅጠል ቆራጮች ላይ የሚታዩት መስመሮች ከጠጉር የተሠሩ ናቸው፤ በስፒል ጫፍ ቢነካኩ ይለያሉ።

ኮኤሊዮክሲስ በተባለው ወገን አይታለሉ። እነዚህ በቅጠል ቆራጮች ጎጆ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥገኛ ንቦች ናቸው። ጥገኛነታቸው ቅርጻቸውን ከባለ ጎጆዋ ጋር ያቀራርበዋል ብለው ቢጠብቁም መለያው ግልጽ ነው፦ ሴቷ ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ሆድ አላት፣ ብሩሽ የላትም፤ ወንዱ የሆዱ ጫፍ ላይ በርካታ እሾሆች አሉት፤ በሁለቱም ጾታዎች ድብልቅ ዓይኖች (ከራስ ግራና ቀኝ ባሉት ትላልቅ ዓይኖች) ላይ አጫጭር ጠጉር ይታያል።

ከሜጋኪሌ ወገን ውስጥም ቅጠል የማይቆርጡ አሉ፤ ጎጆ ለመሥራት ሙጫ ወይም ጭቃ ይጠቀማሉ። የሴቷን መንጋጋ ከፊት ትንሽ ወደ ታች አዘንብለው ይዩ። ቅጠል ቆራጭ ከሆነች ቢያንስ በአንዱ የጥርሶች ክፍተት ውስጥ እንደ መቀስ ምላጭ የሳሳ ስለት ያገኛሉ። ስለቱ ጨርሶ ከሌለ፣ አካሏም ረዘም ብሎ ጎኖቹ ትይዩ ከሆኑ፣ ሙጫ ሰብሳቢ ልትሆን ስለምትችል ቁልፉን ሲከፍቱ ያንን ክፍል ይያዙ።

ግቢ ውስጥ ያለ ቅጠል በሞላላና በክብ ቅርጽ ተቆርጦ ማየት በአካባቢው ቅጠል ቆራጭ መኖሯን ይነግራል፤ የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች ግን አይነግርም።

## ደረጃ 5፦ ጾታዋን መወሰን

የንብ መለያ ቁልፎች አብዛኛዎቹ ለሴትና ለወንድ የተለያዩ ናቸው። በተሳሳተው ክፍል ከገቡ የሚደርሱበት ስም አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው፤ ስህተት መሆኑንም የሚነግርዎት ነገር ላይኖር ይችላል።

አንቴናውን ይቁጠሩ። ሴት 12 አንጓ፣ ወንድ 13 አንጓ አለው። ረጅሙን የመጀመሪያ አንጓና አጭሩን ሁለተኛ አንጓ ከቆጠራው አያስቀሩ። ሁለቱንም አንቴናዎች ይቁጠሩ፤ አንዱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

በሆድ ሰሌዳ ቁጥር ብቻ አይመኩ። በአጠቃላይ ሴት ንብ 6፣ ወንድ 7 የሚታዩ የላይ ሰሌዳዎች አሏቸው ይባላል። በሜጋኪሌ ወንድ ግን ላይ-6 ወደ ታች ስለሚታጠፍ ላይ-7 ትንሽ ሆኖ ሥሩ ይሸሸጋል፤ ከላይ ሲቆጠር 6 ብቻ ይመስላል። ብዙ ወንዶች «ሴት» ተብለው የሚመዘገቡት በዚህ ነው። ደጋፊ ምልክቶችን ይጨምሩ፦ የሆድ ብሩሽ ካለ ሴት ናት፤ የፊት እግር ጫፎቹ ሰፋ ብለው ነጣ ካሉ ወንድ ነው፤ ፊቱ በጥቅጥቅ ነጭ ወይም ወርቃማ ጠጉር ከተሸፈነም ወንድ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 6፦ የሴቷ ምልክቶች

አንድ ወረቀት ያዘጋጁና የሚያዩትን ሁሉ ቁልፍ ከመክፈትዎ በፊት ይጻፉ። ቁልፉን ካነበቡ በኋላ ዓይን ማየት የሚፈልገውን ማየት ይጀምራል።

የሆድ ብሩሹ፣ ሰሌዳ በሰሌዳ። «ብርቱካናማ ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ከታች-2 እስከ ታች-6 የእያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ይጻፉ። ምክንያቱን በምሳሌ ልንገርዎት። በአውሮፓ የምትገኘው የሜጋኪሌ ሴንቱንኩላሪስ ሴት ብሩሽ እስከ ጫፉ ድረስ ብርቱካናማ ነው። የሜጋኪሌ ቨርሲኮሎርና የሜጋኪሌ ዊሉግቢዬላ ብሩሽም ብርቱካናማ ነው፤ ግን ወደ ጫፉ ጥቁር ጠጉር አለው። የመጨረሻዎቹን ሰሌዳዎች ያላየ ሰው ሦስቱን ይቀላቅላል። ታች-6 ላይ ሌላም ነገር ይፈልጉ፦ ጠጉሩ ሙሉ ሰሌዳውን ይሸፍናል ወይስ መላጣ ቦታ ትቶ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው?

የቀለም ማስጠንቀቂያ፦ ጠጉር በፀሐይ ይደበዝዛል። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል የተያዘች ንብ ላይ ብርቱካናማው ገርጥቶ፣ ቡናማው ግራጫ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጥቁር ጠጉር ያለበት ቦታ ግን ብዙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ከቀለሙ ዓይነት ይልቅ ጥቁር ጠጉር የት እንደሚጀምር ይመኑ።

ላይ-6 ከጎን። ንቧን በትክክል ጎኗን አዙረው የዚህን ሰሌዳ መስመር ይመልከቱ። ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የጎበጠ? ቀጥ ብሎ የቆመ ጠጉር አለው ወይስ የተኛ አጭር ጠጉር ብቻ? ይህ ምልክት ተቀራራቢ ዝርያዎችን በተደጋጋሚ ይለያል፤ ከላይ ሲታይ ግን አይታይም። ቀጥሎ ከላይ ሆነው የተኛውን ጠጉር ቀለም ይዩ፤ ለምሳሌ የትንሿ ሜጋኪሌ ሊቼላ ሴት ላይ-6 ላይ ሁለት ነጭ የጠጉር ነጠብጣቦች አሏት።

የመንጋጋ ጥርሶች። ቁጥሩ እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ጥርስ የተለመደ ነው። ቆጠራው ከታችኛው ጫፍ ጥርስ ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ከዚያ ስለቱ የትኛው ክፍተት ውስጥ እንዳለ ይጻፉ፦ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥርስ መካከል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ወይስ በሁለቱም? ንዑስ ወገኖች የሚከፈሉት በዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስደው ደጋግመው ይዩ። ብርሃኑ ከመንጋጋው ጀርባ ሲመጣ ስለቱ ሳስቶ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከጥርሱ ይለያል።

*ጥርሶቹ የደነዙ ከሆኑ* የክንፎቿን ጠርዝ ይመልከቱ። ጠርዙ ከተበጣጠሰ ንቧ አሮጌ ናት፤ የጥርስ ቁጥሩ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገው በስለቱ ቦታና በሌሎች ምልክቶች ይቀጥሉ።

የፊት ሰሌዳ የታች ጠርዝ። ቀጥ ያለ፣ መሐሉ ገባ ያለ ወይስ መሐሉ ላይ እብጠት ያለው? ጠጉር ካጠላበት በብሩሽ ወደ ላይ ይመልሱት።

ጉንጭ። ከመንጋጋው መነሻ ጀርባ ከታች በኩል ይመልከቱ። በብዙዎቹ ለስላሳ ነው። በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው የሜጋኪሌ ፑግናታ ሴት ግን እዚያ ቦታ ጥርስ የመሰለ ጉልህ እብጠት አላት፤ ይህን ያየ ሰው ወዲያው ይለያታል።

የራስ አናት ልኬት። በአናት ላይ ካሉት ሦስት ትናንሽ ነጠላ ዓይኖች መካከል ከኋላ ካሉት ከአንዱ እስከ ድብልቅ ዓይን ያለውን ርቀት፣ ከእሱም እስከ ራስ የኋላ ጠርዝ ያለውን ርቀት ያነጻጽሩ። የትኛው ይበልጣል? በተጨማሪ በአናት ላይ ያሉት ጥቃቅን ስርጉዶች የተጠጋጉ ናቸው ወይስ በመካከላቸው ለስላሳ ቦታ አለ?

የላይ ሰሌዳ መስመሮች። ነጭ የጠጉር መስመሮቹ መሐል ላይ ይቋረጣሉ ወይስ ሙሉ ናቸው? ይህን ወደ መጨረሻ ያስቀመጥኩት ጠጉሩ በቀላሉ ስለሚረግፍ ነው። የተቋረጠ መስመር ካዩ የጠጉር መውጫ ቀዳዳዎች በመሐሉ መኖራቸውን ይፈትሹ፤ ካሉ መስመሩ ሙሉ ነበር፣ ረግፎ ነው።

## ደረጃ 7፦ የወንዱ ምልክቶች

ወንዱ ብሩሽ ባይኖረውም ይበልጥ ግልጽ የሆኑ ምልክቶች አሉት።

1. የፊት እግር ጫፍ። ተራና ጥቁር ነው ወይስ ሰፍቶ፣ ነጥቶ፣ ዳር ዳሩን ረጅም ጠጉር ይዟል? የሜጋኪሌ ዊሉግቢዬላ ወንድ ሰፊ ነጭ የእግር ጫፍ አለው፤ የሴንቱንኩላሪስ ወንድ ተራ ነው። ሰፊ ከሆነ የትኞቹ አንጓዎች እንደሰፉና በውስጥ በኩል ጥቁር ነጥብ መኖሩን ይጻፉ።
2. የፊት እግር መነሻ እሾህ። ከሥር ሲታይ ከእያንዳንዱ የፊት እግር መነሻ ወደ ፊት የወጣ እሾህ አለ? ረጅም ነው፣ አጭር ነው ወይስ የለም? ጠጉር ስለሚሸፍነው «የለም» ከማለትዎ በፊት በስፒል ጫፍ ይዳስሱት።
3. የመካከለኛ እግር እሾህ። በአንዳንድ ንዑስ ወገኖች ከመካከለኛው እግር ቅልጥም ጫፍ ላይ ያለው እሾህ ጠፍቷል።
4. መንጋጋ። ጥርሶቹን ከቆጠሩ በኋላ በታችኛው ጠርዝ ላይ ወደ ታች የወጣ ጉጥ መኖሩንና የት ቦታ ላይ እንደሆነ ይዩ።
5. የመጨረሻው የአንቴና አንጓ። ክብ ነው ወይስ ተደፍጥጦ ሰፍቷል?
6. ላይ-6። በተሻጋሪ የሚሄደውን ሸንተረር ከኋላ በኩል ሆነው ይመልከቱ። መሐሉ ገብቷል? ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ነው? ከሱ በታች ያለው የሰሌዳ ጠርዝስ እሾህ አለው? ሸንተረሩን ከላይ ብቻ ካዩት ቅርጹ ይዛባል፤ የንቡን ኋላ ወደ ራስዎ ያዙሩት።

እነዚህ ካልበቁ የሚቀረው የተደበቁት የታች ሰሌዳዎችና የመራቢያ አካሉ ቅርጽ ነው። ንቡ ለስላሳ ሳለ ጫፉ በታጠፈ ቀጭን ስፒል ወደ ውጭ ይሳባሉ። ከደረቀ ጫፉን ቆርጠው በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ለሰዓታት ያቆዩታል፤ ሥጋው ሲሟሟ በውኃ ያጥቡታል፣ ግሊሰሪን ባለበት ትንሽ ብልቃጥ አድርገው ከንቡ ጋር በአንድ ስፒል ያኖሩታል። ይህ ኬሚካል ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አይንኩት፤ ልጆች በሚደርሱበት ቦታ አያስቀምጡት። ልምድ ከሌለዎት ይህን ለሚያውቅ ሰው መስጠት ይሻላል።

## ደረጃ 8፦ መለያ ቁልፉን መጠቀም

ቁልፉ ንቧ ለተያዘችበት አካባቢ የተዘጋጀ መሆን አለበት። የሌላ አህጉር ቁልፍ ምንም ቢሆን አንድ ስም ላይ ያደርስዎታል፤ ስሙ ግን ሐሰት ይሆናል። የተዘጋጀበትንም ዘመን ይመልከቱ፤ ንቦች ከአህጉር አህጉር ይሻገራሉ። ከምሥራቅ እስያ የመጣችው ግዙፏ ሙጫ ሰብሳቢ ሜጋኪሌ ስኩልፕቱራሊስ በሰሜን አሜሪካ በ1994፣ በአውሮፓ በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የታየችው። ከዚያ በፊት የታተመ የእነዚህ አገሮች ቁልፍ አያውቃትም።

በየጥንዱ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች እስከ መጨረሻቸው ያንብቡ። የመጀመሪያው ስለተስማማ ብቻ አይለፉ፤ ሁለተኛው ይበልጥ ሊስማማ ይችላል። ያለፉባቸውን የጥንድ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ይደርድሩ።

*አንድ ጥንድ ላይ መወሰን ካቃተዎት* ቁጥሩን ያክብቡና ሁለቱንም መንገዶች እስከ መጨረሻው ይከተሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው መንገድ ጥቂት ደረጃ ሄዶ ከንቧ ጋር በግልጽ ይጋጫል። *ሁለቱም መንገዶች የማይሆኑ ከሆነ* ወደ ደረጃ 5 ተመልሰው አንቴናውን እንደገና ይቁጠሩ፤ ቀጥሎ የጥርስ ቁጥሩን ይፈትሹ። ስህተቱ በብዛት ከእነዚህ አንዱ ነው።

## ደረጃ 9፦ የደረሱበትን ስም መፈተን

ቁልፍ የሚሰጥዎት እጩ ስም ነው። ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ነገር ያነጻጽሩ።

የዝርያውን ሙሉ መግለጫ አውጥተው በደረጃ 6 ወይም 7 ከጻፉት ወረቀት ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። ቁልፉ ያልጠየቀዎት ምልክት ከተጋጨ ከስሙ ይልቅ ምልክቱን ይመኑ። የአካል ርዝመቷን ይለኩ፤ ሜጋኪሌ ሮቱንዳታ ለምሳሌ ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ናት፣ 14 ሚሊሜትር የሆነች ንብ እሷ አይደለችም። ርዝመት ስሙን ለመሻር እንጂ ለማጽደቅ አይበቃም፤ እጭ ሳለች ትንሽ ምግብ ያገኘች ንብ ትንሽ ሆና ትቀራለች። በመጨረሻ ዝርያዋ በዚያ አካባቢና በዚያ ወር የምትገኝ መሆኗን ይዩ።

በሙዚየም ወይም በዩኒቨርሲቲ ስብስብ ከተረጋገጠ ናሙና ጋር ጎን ለጎን ማየት ከተቻለ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሌላው አማራጭ የዘር ምርመራ ነው፦ አንድ እግር ተወስዶ ሲኦአይ የተባለው ዘረመል ይነበብና ከታወቁ ዝርያዎች ጋር ይነጻጸራል። በተለይ የትኛው ወንድ የየትኛዋ ሴት እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ይጠቅማል። ለዚህ ያሰቡትን ንብ ከፍሪዘር ብዙ አያውጡ።

ሁለት እጩ ከቀሩ አንዱን በግምት አይምረጡ። መለያው ላይ «ሜጋኪሌ» ብለው ንዑስ ወገኑን ካወቁ ይጨምሩ፤ ሁለቱን እጩዎች ከጎኑ ይጻፉ፤ የጎደለውን ምልክትም እንዲሁ፣ ለምሳሌ «ጥርስ ደንዝዟል፣ ላይ-6 ጠጉር ረግፏል»። በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ከመዝገብ መዝገብ እየተገለበጠ ለዓመታት ይኖራል፤ ያልተጨረሰ ስም ግን አዲስ ወንድ ወይም ትኩስ ሴት ስትገኝ ይሞላል።

ስሙ ከጸና ሁለተኛ መለያ ወረቀት ከመጀመሪያው ሥር ይሰኩ፦ የዝርያው ስም፣ የለየው ሰው፣ ዓመቱ፣ የተጠቀሙበት ቁልፍ። ሣጥኑ በጥብቅ የሚገጥም ክዳን ይኑረው። ደረቅ ነፍሳት የሚበሉ ጥንዚዛዎች ገብተው እንደሆነ በየጥቂት ወሩ ከንቦቹ ሥር ዱቄት መሰል ብናኝ መኖሩን ይፈትሹ፤ ካዩ ሣጥኑን በፕላስቲክ አሽገው ለሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሲያወጡትም ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ፕላስቲኩን አይክፈቱ፣ ጤዛ ጠጉሩን መልሶ ያጣብቀዋል።